ስለ ሞተር እስትንፋስና ስለ ቆላ ሐሩር

አውቶሞቢል ያላቸው ቤተ ሰቦች ስለ ነዳጁ፤ ስለ ዘይቱና ስለ ጎማው ሲጠነቀቁ እናያለን። ሞተሩ ስለሚተነፍሰው አየር የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። በጋምቤላ ከተማ፤ በኒውላንድ ሰፈርና እርሱን በመሰለው ቆላ ሁሉ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት የውጭው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፤ ሞተሩ እየሠራ በፀሐይ በቆመ መኪና ከኮፈኑ በታች ያለው አየር 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሞተሩ በየምቱ የሚስበው አየር ስፍሩ ያው ሲሆን፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ስለሚያንስ ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ባለ 40 ዲግሪው አየር 70 ዲግሪ ቢሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሳሳል።

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ስትሆን ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ የቆላው አየር ምንም ቢሞቅ ከደጋው ይልቅ የወፈረ ነው። ጎሬ 20፤ ጋምቤላ 40 ዲግሪ በሆኑበት ቀን እንኳ ብናሰላው የጋምቤላው ከመቶ 12 እጅ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ለቆለኛው ከተሰጠው ከዚህ ትርፍ አብዛኛውን የሚበላው ከኮፈን በታች ያለው ሙቀት ነው፤ እርሱም በሰው እጅ ሊታረም ይቻላል።

ይህን የምንጽፈው ለእሽቅድምድም አይደለም። ከጋምቤላ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ የሚሄድ ሰው 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ በመኪናውም ልጆች፤ ጓዝ፤ አንዳንድ ጊዜም ለሕክምና ወደ መቱ የምትወሰድ ነፍሰ ጡር ይኖራሉ። የቤንዚን ሞተር ትኩስ አየር ሲገባው ማንኳኳት ይወዳል፤ የዛሬዎቹ መኪኖች ኮምፒዩተር ይህን ሲያውቅ የእሳቱን ጊዜ ስለሚያዘገይ ኃይሉ ይባስ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ደግሞ አየሩን ሲጨምቀው ከ100 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው ይችላል፤ ስለዚህ ኢንተርኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ በጭቃና በነፍሳት ሲደፈን ዳገቱ ላይ ይታወቃል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ፋብሪካው አብዛኛውን ጊዜ የአየሩን ቱቦ አፍ ከፊት ለፊት፤ ነፋስ ከሚያገኝበት ያኖረዋል። ነገር ግን መኪናው ለጥገና ሲገባ ቱቦው ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረበትን፤ ወይም ተቀዶ ትኩሱን አየር የሚስብበትን ብዙ ጊዜ አይተናል። ስለዚህ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤት ሹፌሩን ኮፈኑን አስከፍተው ቱቦው ከወዴት እንደሚስብ በዓይናቸው ይዩ። በአየር ማጣሪያውና በጭስ ማውጫው መካከል የነበረው የላሜራ ጋሻ ወድቆም እንደ ሆነ ይመለስ። ከመስተዋቱ ጎን እስከ ጣራ የሚቆመው ቱቦ ለዚህ አገር የተስማማ ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ ይስባልና፤ አቧራውም በዚያ ያንሳል። ቀዝቃዛ አየር እንፈልጋለን ብለው የቱቦውን አፍ ወደ መሬት የሚያወርዱ ግን ባሮ በክረምት ሲሞላ መንገዱን ምን እንደሚያደርገው ያስቡ። ውሃ የጠጣ ሞተር ክንዱ ይታጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የግል አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፤ የተበላሸውን በሌላ መተካት እንደ ቀድሞው አይደለም።

ክዳን የሌለውን የሚያብረቀርቅ ማጣሪያ ከኮፈን በታች ገዝተው የሚያስገቡ ጎበዞች ድምፅ ይገዛሉ እንጂ ኃይል አይገዙም፤ የሚስበው ያንኑ ትኩስ አየር ነውና። ቤንዚን ይቆጥባል የሚለውንም ወሬ አንቀበለውም። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው የአየሩ መቀዝቀዝ ብዙም አይታወቀውም፤ ጥቅሙ በዳገትና በጭነት ነው።

መርመር ለሚሻ ሰው፤ ጋራዦች የሚይዙት የኮምፒዩተር ማንበቢያ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት በቁጥር ያሳያል። ቱርቦ በሌለው መኪና፤ በመንገድ ላይ እየተነዳ፤ ከውጭው ሙቀት ጋር ያለው ልዩነት ከ10 ወይም ከ15 ዲግሪ ያልበለጠ እንደ ሆነ ሹፌሩን አመስግኖ ኮፈኑን መዝጋት ይበቃል።