ዕድሜ አይሮጥም፤ እግር ነው የሚሮጠው

ማለዳ ማለዳ አቃቂ አስፋልት ላይ ልምምድ የሚሠሩ ልጆችን አያለሁ። የኦሊምፒክ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ያው ክርክር ይነሳል፦ «ነባሮቹ ይብቃቸው፣ ለወጣት ይልቀቁ!»

መልሱን ፓሪስ ሁለት ጊዜ ሰጥታናለች። በ1995 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ የ30 ዓመቱን ኃይሌ ገብረሥላሴን ቀደመ፤ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ወጣ። ሦስቱም ሜዳሊያ የኛ ሆነ፤ ነባሩም ወጣቱም አብረው ስለተሰለፉ።

በ2016 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ማራቶን ደግሞ የ42 ዓመቱ ቀነኒሳ 39ኛ ወጣ። ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ሚያዝያ ላይ ለንደን ውስጥ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ወርቁን ያመጣው በተጎዳው ሲሳይ ለማ ቦታ የገባው ተጠባባቂ፣ ታምራት ቶላ ነው፤ 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ2:06:26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን።

እንግዲህ ዕድሜ ሚዛን አይሆንም፤ ስምም እንደዚያው። ሚዛኑ የቅርብ ጊዜ ብቃት ነው። ፌዴሬሽኑ መስፈርቱን ከውድድሩ ዓመት በፊት ጽፎ ይፋ ያድርግ። ለአቃቂው ልጅ «ተራህ ይደርሳል» ማለት ተስፋ አይሆነውም። ስንት ሰዓት መግባት እንዳለበት ንገሩት፤ የቀረውን እሱ ይሮጠዋል።