ሐዲዱን ሳያዩ መጋዙን መውቀስ

ለቁም ሣጥን የተገዛ ኤምዲኤፍ ሰቆጣ እስኪደርስ ብዙ ዳገትና ቁልቁለት ያያል። ኮምፔርሳቶውም ቺፑዱም በመኪና ተጭኖ ከሩቅ የሚመጣ ነው። የዋግ ኽምራ ደጋ በበኩሉ ከተራቆተ ቆይቷል፤ ጥዱና ወይራው በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ገበታ ጠምሞ ሲቆረጥ ጉዳቱ አዲስ አበባ ላይ ከሚሆነው ይከብዳል። እዚያ ምትኩ ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል፤ እዚህ ቀጣዩን ጭነት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ቁርጡ ሲጠም ታዲያ ጣት የሚቀሰረው መጋዙ ላይ ነው፦ ሞተሩ ደካማ ነው፣ ዲስኩ ደንዟል፣ ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው ይባላል። እኔ ግን መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት መጋዙና መሪ ሐዲዱ የሚገናኙበት ቦታ ነው ባይ ነኝ። ትልቅ ሞተር ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለዚያች መጋጠሚያ ግማሽ ሰዓት ቢሰጣት ይሻለዋል።

ሐዲዱ ጀርባው ላይ ወጣ ያለ መስመር ያለው ረጅም አሉሚኒየም ነው። መጋዙ ከሥሩ ባለው ቦይ በዚያ መስመር ላይ ተቀምጦ ይንሸራተታል። የጀርመኑ ፌስቶ፣ የዛሬው ፌስቱል፣ ይህን ሐሳብ በአውሮፓውያን 1960ዎቹ ገበያ ላይ ካዋለው ወዲህ ብዙ አምራቾች የየራሳቸውን ሠርተዋል፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። የማኪታ መጋዝ በፌስቱል ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ የዲዎልት ሐዲድ ግን ቅርጹ ሌላ ነው። የሚስማሙት እንኳ ሲገናኙ ቦዩ ከመስመሩ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል። ያቺን ትንሽ ክፍተት የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የመጋዝ እግር ከፊት ወደ ግራ፣ ከኋላ ወደ ቀኝ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተላወሰ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሰያፍ ይይዛል። ያን ጊዜ የኋላ ጥርሶቹ የተቆረጠውን ጠርዝ ዳግም ይፍቃሉ፤ የቺፑዱ ልባስ ይፈነጠራል፣ እንጨቱ ይቃጠላል፣ ሲብስም መጋዙ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ነገሩ ከውበት አልፎ የጣት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ግን «አጥብቀህ እሰረው» አይደለም። በብዙዎቹ መጋዞች እግር ላይ ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ ፊተኛውና ኋለኛው ለየብቻ ይጠብቃሉ። ከመጠን በላይ የጠበቀ መጋዝ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ እጅ ሲገፋው ይቆምና ድንገት ይለቃል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ሐዲዱም ከቦታው ሊሸሽ ይችላል። ልኩ የሚታወቀው በእጅ ነው፦ መሰኪያው ተነቅሎ መጋዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲገፋ ያለ ትግል ይንሸራተት፤ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ግን ንቅንቅ አይበል። በአንዱ ጫፍ ልል፣ በሌላው ጥብቅ ከሆነ ችግሩ ከሐዲዱ ነው፤ ታጥፏል ወይም አቧራ ይዟል። ማለስለሻ ካስፈለገ የተራ ሻማ ሰም ይበቃል። (የዋግ ማር ስሙ የገነነ ነው፤ የንብ ሰም ግን ይጣበቃልና ለዚህ አይሆንም።) ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ከሐዲዱ ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ በመጀመሪያው ቁርጥ በዲስኩ ልክ ይከረከማል፤ ከዚያ በኋላ «ዲስኩ የሚያልፈው እዚህ ነው» ብሎ የሚያሳየው እሱ ነው። መጋጠሚያው ሳይስተካከል ጎማው ከተቆረጠ ምልክቱ ይዋሻል።

አባቶቻችን ያለ ሐዲድም ይሠሩ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ሥራቸውን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ድንጋይ በተራ የተደረደሩበት ነው፤ ሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደግሞ ያንኑ የእንጨት አሠራር ከዓለት ላይ ፈልፍሎ ያሳያል። በመጥረቢያና በመሮ የሚሠራ ሰው እንጨቱን እያስጠጋ፣ እየለካ፣ ጥቂት በጥቂት እየላገ ያገጥማል፤ ልኩን የሚያገኘው በትዕግሥት ነው። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚዞር ዲስክ ይህን ዕድል አይሰጥም፤ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ። ስለዚህ የጥንቱ ምሳሌ ሐዲድ አያስፈልግም ከሚሉት ይልቅ ለመጋጠሚያ መጠንቀቅ ይገባል ለምንለው ይመሰክራል።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የዋጋው ነው። የፋብሪካ ሐዲድ ውድ ነው፤ ለአንድ አነስተኛ ሥራ ቤት የግድ ነው ማለት አልችልም። ምትኩ ግን ከቁርጥራጭ ይሠራል። ቀጭን ኮምፔርሳቶ ላይ የፋብሪካ ጠርዝ ያለው ጠባብ ቺፑድ ይጣበቃል፤ የመጋዙ እግር ያንን ተደግፎ ሲሄድ ዲስኩ የኮምፔርሳቶውን ትርፍ ይቆርጠዋል። የቀረው ጠርዝ የዲስኩ ትክክለኛ መስመር ነው፤ ምልክቱ ላይ አስቀምጦ በሞርሳ አስሮ መቁረጥ ብቻ ይቀራል። መጋዙ ከድጋፉ እንዳይሸሽ በሌላው ጎን ሁለተኛ ቺፑድ ማሰር ይቻላል፤ የእግሩ ቦታ ከሰፋ በመካከል አንድ ሁለት ቅጠል ወረቀት መጨመር ይበቃል። ሕጉ ያው ነው፤ ይንሸራተት፣ አይላወስ።

ለተደራጁ ወጣቶችና ለማሠልጠኛ ተቋማት መሣሪያ የምትገዙ ሰዎችም አደራ፤ በጨረታው ሰነድ ላይ መጋዙን በአንድ ተራ ቁጥር፣ ሐዲዱን በሌላ አትጻፉ። «መጋዝ ከነሐዲዱ፣ ርክክብ ላይ ተገጣጥሞ የሚሞከር» በሉ፤ ዕቃው ሲመጣም 244 ሳንቲ ሜትሩን ሙሉ አስቆርጣችሁ ሳታዩ አትፈርሙ።