ከብሎኩ ሥር ያለው ማሳ
በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ባለው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወተት የሚያመጡልን እናት ጀሪካናቸውን ደረጃው ሥር አሳርፈው፣ "ይሄ ብሎክ የቆመው ጤፍ እናጭድበት በነበረው መሬት ላይ ነው" አሉኝ። ወተቱን የምትቀበላቸው ጎረቤቴ ደግሞ በ1997 ለኮንዶሚኒየም ቤት ተመዝግባ፣ ከደመወዟ እየቆጠበች ስትጠብቅ የኖረች ናት። በየካቲት 2011 የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ የተነሣው በዚሁ መሬት ምክንያት ነው። የእኚህ እናት ቅሬታ እውነት ነው፤ የማሳውን ካሣ የተመነችው ግን ጎረቤቴ አይደለችም። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ተካለለ፤ ማሳውን ያጣው ገበሬ ጥያቄ በካርታ የሚዘጋ አይመስለኝም። እኛ ነዋሪዎች "ዕጣዬ ነው" ብለን ጆሮ አንንፈጋቸው፤ የተነሺዎቹ ተገቢ ካሣና የልጆቻቸው ሥራ የእኛም ጥያቄ ይሁን።