አጋዘኑ የማን ነው?

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ ስጽፍ የምታውቁኝ ሰው ዛሬ ስለ አጋዘን አደን ላወራ መነሣቴ ግር ሊላችሁ ይችላል። ይሁንና አንድ ሕዝብ ከመንግሥቱ ጋር በምን ውል እንደሚኖር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከምክር ቤቱ ሌላ ጫካውንም ማየት ይኖርበታል። ይህን የተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤተሰቡ ወደሚያድንበት የገጠር ጎጆ ይዞኝ በሄደ ጊዜ ነው።

በዚያ ግዛት የጠመንጃ አደን የሚከፈተው «የምስጋና ቀን» ከሚሉት በዓላቸው በፊት ባለው ቅዳሜ ሲሆን የሚዘልቀውም ለ9 ቀናት ነው። ጎጆዋ በእንጨት ምድጃ የምትሞቅ፣ የኤሌክትሪክ መብራት የሌላት ነበረች። የጓደኛዬ አያት፣ ልጆቻቸው፣ ጎረቤታቸው የሆነ የወተት ላም አርቢ፣ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርትና በዚያ ዓመት 12 ዓመት ስለሞላው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ያገኘ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አደርን። ሊነጋጋ ሲል ሁሉም ሕግ የሚያዝዘውን ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ ለብሶ በበረዶው ውስጥ በየቦታው ተቀመጠ። እኔም ያለ ጠመንጃ፣ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ ከአያትየው አጠገብ ተቀመጥሁ።

የጠበቅሁት ፉከራ ነበር። አንበሳና ዝሆን የገደለ በሚሸለምበት፣ ገዳይ በዘፈን በሚወደስበት አገር ያደግሁ ነኝና። አያትየው ግን አጋዘኑን ጥለው አጠገቡ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ፤ ቁጥር ያለበትን የፈቃድ መለያ አሰሩበት፤ ሆድ ዕቃውን አውጥተው ከሰዓት በኋላ ወደ መመዝገቢያው ጣቢያ ወሰዱት። ማታ ካርታ እየተጫወቱ ጠቡ ተጀመረ። ጠቡም ማን የበለጠ ተኳሽ ነው በሚል አልነበረም። በመጪው ዓመት በአካባቢያቸው ስንት ሴት አጋዘን ይገደል የሚለው ጥያቄ ነበር ያጋጫቸው። ላም አርቢው «አጋዘኑ በቆሎዬን ጨረሰው፤ ይብዛ ፈቃዱ» ይላል። አያትየው «እናቶቹን ከጨረስን የልጅ ልጄ ምን ያድናል?» ይላሉ። በመጨረሻም «በኤፕሪል ስብሰባ እንገናኛለን» ተባብለው ተኙ።

ያ ስብሰባ ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዊስኮንሲን ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈጥሮ ጥበቃ ጉባኤ የሚባል የዜጎች መማክርት አለ። በኤፕሪል ወር፣ በአንድ ምሽት፣ በ72ቱም አውራጃዎች ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ስለ አጋዘኑም ሆነ ስለ ዓሣው በቀረቡት የደንብ ጥያቄዎች ላይ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ መካኒኩም እኩል አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ የየአውራጃውን ተወካዮችም ይመርጣል። አሁን በኢንተርኔትም ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ምክር እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ባለ ሥልጣኑ ሳይሰማው ለማለፍ ይከብደዋል።

ይህን ስል ያንን ሕዝብ መላእክት ላደርገው አይደለም። በዓለም የታወቀው የተፈጥሮ ጥበቃ ሊቅ አልዶ ሊዮፖልድ በ1943 እ.ኤ.አ. ሴቶቹም አጋዘኖች ካልተቀነሱ መንጋው በረሃብ ያልቃል ብሎ ሲሟገት፣ የዊስኮንሲን ብዙ አዳኞች በቁጣ ተነሡበት፤ የዚያን ዓመት አደንም «የ43ቱ ወንጀል» ብለው ጠሩት። እኔ በሄድሁበት በ2005 ደግሞ በዚሁ ስብሰባ ላይ ባለቤት አልባ ድመቶች ይታደኑ የሚለው ሐሳብ አብላጫ ድምፅ አግኝቶ አገር ጉድ ብሎ ነበር፤ ሕግ ግን አልሆነም። «ሕዝብ» የሚለው ቃልም ሁሉንም እኩል አቅፎ አያውቅም። የኦጂብዌ ነባር ሕዝቦች በጥንት ውል የጠበቁትን የማደንና የማጥመድ መብት በፌዴራል ፍርድ ቤት ያስከበሩት በ1983 ነው። በ2004 አንድ የህሞንግ ተወላጅ አዳኝ በሰው መሬት ላይ በተነሣ ጠብ 6 ሰዎችን ገድሎ ስለነበር፣ በዓመቱ ያ ወሬ በጎጆው ውስጥ ሲነሣ የሁሉም ዐይን በእኔ በእንግዳው ላይ ሲያርፍና ወዲያው ሲሸሽ ተሰምቶኛል።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ውጤቱን እንመልከት። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ለገበያ በሚደረግ አደንና በደን ጭፍጨፋ ምክንያት በመላው አሜሪካ የቀረው ጭራ ነጭ አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደነበር ይገመታል። ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለዚህ የአዳኞቹ በጎነት ብቻውን አልበቃም፤ ደኑ ተመልሶ በቅሏል፣ ተኩላው ከብዙ ቦታ ጠፍቷል። ዋናው ነገር ግን ሁለት ነው። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ አውሬን ከግዛት ወደ ግዛት መነገድን ከለከለ። በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ደግሞ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበውን 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አደረገ። አዳኙ ይከፍላል፤ ስለሚከፍልም ይጠይቃል፤ ስለሚጠይቅም የእኔ ነው ይላል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም አጋዘን አለን። የደጋ አጋዘናችን ከአሜሪካኑ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም፤ የእነርሱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ ያበቅላል፣ የእኛው ኒያላ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም በየትም የለም። ለሳይንስ የታወቀው አንድ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. አርሲ ላይ ገድሎ ናሙናውን ወደ ለንደን ከወሰደ በኋላ በ1910 ነው። እረኛው ግን ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስምም አውጥቶለታል። በ10 ሳንቲማችን ላይ ቀረጽነው፤ በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ከለልንለት፤ ፓርኩም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚህ ሁሉ ክብር ውስጥ ለጎረቤቱ ገበሬ የደረሰው ምንድን ነው? ገብሱን አጋዘን ሲበላበት ዝም እንዲል ይነገረዋል። ጦሩን ቢያነሣ ወንጀለኛ ነው። በተከለሉት የአደን ቀበሌዎች ግን በዶላር የከፈለ የውጭ አገር ሰው ቀንዱን ለግድግዳው ጌጥ ይዞ ሲሄድ የተከበረ እንግዳ ይባላል።

በ1991 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሲወድቅ የሆነውን እናስታውስ። በባሌ የፓርኩ ተቋማት ተዘረፉ፤ አጋዘኑም ተገደለ። እኛ የተማርነው ሰዎች ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ «ሕዝቡ ግንዛቤ ስለሌለው ነው» እንላለን። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» በሚል ስም በሆቴል አዳራሽ ስንት ዐውደ ጥናት ተቀመጥን! አበሌን ተቀብዬ ከተቀመጡት አንዱ እኔ ነኝ። እኔ ግን ገበሬው ሁኔታውን ከእኛ አብልጦ ተገንዝቧል እላለሁ። አጋዘኑ የመንግሥት ንብረት ነው ብለን ለዓመታት ነገርነው፤ አመነን። መንግሥቱ ሲወድቅ ንብረቱን እንደ ማንኛውም የወደቀ መንግሥት ንብረት ቆጠረው። አበው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ የዚህ አጥር ባለቤት በዚያች ሰዓት አገር ጥሎ ሸሽቶ ነበር።

«የእኛ አጋዘን እኮ ጥቂት ነው፤ ለሁሉም ጠመንጃ እንስጥ ልትል ነው?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አልልም። እየተመናመነ ባለ እንስሳ ላይ አደን መክፈት ዕብደት ነው። ባለቤትነት ግን የግድ የመግደል መብት አይደለም፤ የመከልከል ሥልጣንም ነው። ለዚህ ዊስኮንሲን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀዋል፤ ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱ ነበር። ከሣሩ ጋር ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ተረፈ። ያን ሥርዓት ያፈረሰው የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እንጂ የመንዜው አለማወቅ አይደለም። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለውን ተረት እያወቅን በሬውን ከሠርዶው አገር ያባረርነው እኛው ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በባሌም ሆነ በአርሲ የሚቀጥለው ዓመት የአደን ኮታ ከመወሰኑ በፊት፣ በአዋሳኝ ቀበሌዎች የሚኖሩ ገበሬዎች ይሰብሰቡ፤ ቁጥሩ ይነገራቸው፤ ገንዘቡ ስንት እንደሆነና የት እንደገባ በግልጽ ይነበብላቸው፤ ከዚያም ይታደን ወይስ አይታደን በሚለው ላይ ድምፅ ይስጡ። «አይታደን» ካሉም ይከበርላቸው፤ ዶላሩ ይቅር። ይሳሳታሉ የሚል ካለ፣ እውነት ነው፣ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ዊስኮንሲኖችም በ1943 ተሳስተዋል። ነገር ግን በስብሰባ የተሳሳተ ሕዝብ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊታረም ይችላል። ሳይጠየቅ የኖረ ሕዝብ ግን መልሱን የሚሰጠው መንግሥት በሚወድቅበት ቀን ነው፤ ያን መልስ በባሌ አንድ ጊዜ አይተነዋል።

ቸር ይግጠመን።