ኮፒው ይባዛ፣ የመምህሩ ስም ግን አይቆረጥ

እጄ ላይ ያለው የሒሳብ ወርክሺት የስንተኛው ኮፒ ኮፒ እንደሆነ እንጃ። የክፍልፋዮቹ መስመር ጠፍቶ ሦስት አራተኛው ሠላሳ አራት መስሏል። ግርጌው ላይ የአንድ ቴሌግራም ቻናል ስም ጎላ ብሎ ታትሟል። ራስጌው ላይ ደግሞ ነጭ ቁራጭ ወረቀት ተደርቦ ኮፒ መደረጉን የሚያሳብቅ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። በዚያ ቁራጭ የተሸፈነው የመምህሩና የትምህርት ቤቱ ስም ነው። ጥያቄዎቹ ግን አገራቸውን አልደበቁም፦ ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ የሚገባ ነጋዴ፣ ጉና ሥር ገብስ የሚያጭድ ደቦ፣ ወገዳ ገበያ ላይ በጣሳ የሚሰፈር ጤፍ። አዲስ አበባ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣ የለም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ቤቶች ያለ ኮፒ ማስተማር ዘበት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ያየው በፒዲኤፍ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ለፋይሉ የቀረው መንገድ ፍላሽ ነበር። የሁለተኛ ደረጃውን አዲስ መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች የገለጠ ሰው ግን ያለ ፈቃድ ማባዛት እንደማይቻል አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠቅሶ የሰፈረ ማስጠንቀቂያ ያገኛል። ማስጠንቀቂያውን ብቻ አንብቦ የቆመ ርዕሰ መምህር ራሱን ሕገ ወጥ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አዋጁ ራሱ ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ለመምህር ያዝናል። አንቀጽ 11 የታተመን ሥራ ለማስተማር ሲባል፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠንና ተገቢውን ልማድ ሳይጥሱ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይናገራል። በተቻለ መጠን የሚጠይቀው ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ ነው። ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ ለትርፍ የሚቸረችር ሰው በዚህ አንቀጽ አይጠለልም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምዕራፍ አባዝታ ለስድሳ ልጅ የምታድል መምህርት ግን ልትሸማቀቅ አይገባም።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። የተፈቀደውን ማባዛት እየፈራን፣ የታዘዝነውን ስም መጥቀስ እንንቃለን።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። ሞዴል ፈተና የሚያወጡት፣ የማጠናከሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁት መምህራን ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ የሚቀረው ግን ማኅተምና «በጽሕፈት ቤቱ የተዘጋጀ» የሚል መስመር ነው። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ «ደመወዝ እየተከፈለው የሠራው አይደል?» ይላል። ከፊል እውነት አለው፤ በሥራ ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። አንቀጽ 8 ግን የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ይሁን የማን፣ ደራሲው «ሥራው የእኔ ነው» የማለት መብቱ ከእሱ ጋር እንደሚቆይ ይደነግጋል። ለዚህም ምዝገባ አያስፈልግም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ ይበቃል።

የሚያስቆጨኝ ይህ ስም መቁረጥ የደረሰበት ምድር ነው። የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር የሚገኝባት ቤተልሔም እዚያው ጋይንት ናት። ድጓውን የሚማረው ተማሪ የራሱን መጽሐፍ በእጁ ገልብጦ፣ የዜማ ምልክቱን ከፊደሉ በላይ አንድ በአንድ አስቀምጦ ነው የሚማረው። ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ በኮፒ የቆመ ነው ማለት ይቻላል፤ መገልበጥ ግን ማንንም ስሙን አላሳጣም። ዜማው የቤተልሔም ነው፣ የቆማ ነው፣ የአጫብር ነው ተብሎ በምንጩ ይጠራል። ተማሪው ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተቀበሉ ቆጥሮ ይናገራል። ምልክቱን ሳይቀር በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል እንዳወጡት እስከ ዛሬ ይነገራል። ቅኔ ቤት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በቃል የወረደ ቅኔ በምንም ላይ ስላልሰፈረ አዋጁ አይደርስለትም፤ ሆኖም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ከጓደኞቹ ፊት መቆሚያ የለውም።

ስለዚህ ከዞኑም ከወረዳውም የምጠይቀው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። እያንዳንዱ ወርክሺትና ሞዴል ፈተና ከማኅተሙ በላይ የአዘጋጁን ስም፣ ትምህርት ቤቱንና ዓመተ ምሕረቱን ይያዝ። ስሙ በየገጹ ግርጌ ይደገም፤ ራስጌ ላይ ብቻ ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ይሸፍነዋል። ከሥሩም «ለማስተማር ማባዛት ይቻላል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ኮፒ ቤቱም ርዕሰ መምህሩም ያኔ ሳይፈሩ ይሠራሉ።

«መምህራኑ ራሳቸው ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የማይፈልግ ካለ ስሙን የመደበቅ መብትም እዚያው አንቀጽ 8 ውስጥ አለለት። ነገር ግን የሞዴል ፈተናው የመልስ ቁልፍ ሲሳሳትና ተማሪው ትክክለኛ መልሱን ሰርዞ የተሳሳተውን ሲያጠና፣ ማን ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ? ማኅተሙን?