ጥቂት የቆሰለ ሞተር ይጣላልን?

ሞተር ብስክሌት በአገራችን የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። መኪና በማይዘልቅበት ቀበሌ የእርሻ ባለሙያውንና ክትባት የያዘውን የጤና ሠራተኛ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ስለዚህ አንዱ በጋራዥ ጥግ አቧራ ለብሶ ሲቆም ነገሩ የጋራዡ ብቻ አይሆንም። እኛን ብዕር ያስነሣን ግን አንዳንዱ የሚቆምበት ምክንያት ትንሽነት ነው።

የሞተሩ ቤት፣ ማለት የካምቢዮውን ጥርሶችና ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ አቅፎ የያዘው የአልሙኒየም ሣጥን፣ እንደ ባቄላ ከሁለት ክክ የተገጠመ ነው። ለእድሳት ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ የጠነከረበት ሠራተኛ ካቻቢቴውን በመጋጠሚያው ይሰካና ይፈነቅላል። አልሙኒየም ለስላሳ ነውና የካቻቢቴው ጫፍ ቦይ ቀዶበት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ይከተላል። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ባለው ቱ ስትሮክ ሞተር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ አስቀድሞ የሚታመቀው በዚያው ሣጥን ውስጥ ስለ ሆነ፣ በጭረቱ የሚገባው ትርፍ አየር ድብልቁን ያሳሳዋል፤ የሳሳው ድብልቅ ሞተሩን ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ፒስተኑም ተጣብቆ ይቀራል ወይም ይበሳል።

በዚህ ጊዜ አንዱ ሲሊኮን ለቅልቆ ይዘጋዋል። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ሲቆረስ ጠባቡን የዘይት መተላለፊያ ሊደፍን እንደሚችል አያስብም። ሌላው አዲስ ይገዛ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ክኮች ብዙውን ጊዜ አንድ ላይ ተገጥመው የተሞረዱ ጥንድ ስለ ሆኑ አንዱን ብቻ መለወጥ አይቻልም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ጥንዱ ነው።

ጥገናው ግን ከአንድ ሁለት ቀን ትዕግሥት አያልፍም። በጭረቱ ዳር ያበጠውን ብቻ በቀጭን ሞረድ ማንሣት፣ ጎድጓዳውን ከቅባት አጽድቶ በሁለት ቱቦ በሚመጣው የብረት ማጣበቂያ መሙላት፣ ሲደርቅም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስተዋት ላይ ዘርግቶ ፊቱን በቀስታ ማሸት ነው። አብዝቶ መፋቅ የሣጥኑን ልክ ያዛባልና እጅ መቆጠብ አለበት። የቡሎን ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለትና የብረት ጥምዝ ሽቦ ይገባበታል፤ ይህም ከቀድሞው አልሙኒየም ይበልጥ ይጠነክራል። ባለ 6 ሚሊሜትሩን ቡሎን ግን እንደ መኪና ጎማ ማጥበቅ አይገባም፤ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ግድም ይበቃዋል።

ሁሉም ጉዳት ትንሽ ነው አላልንም። የኩሽኔታው መቀመጫ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ መቀባት ሰውን ማታለል ነው። ብየዳውም ለማንም አይሰጥም፤ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ በላዩ ያለው ስስ ቅርፊት ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋልና፣ ያልሠለጠነ በያጅ ቅርፊቱን እጠብቃለሁ ሲል ሣጥኑን ያፈሰዋል።

እንግዲህ «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል ዝርዝር ለፊርማ የቀረበለት ወጣት ሹም፣ ከመፈረሙ በፊት ጋራዡ ድረስ ወርዶ ጉዳቱ የት ላይ እንደ ሆነ በጣቱ አሳዩኝ ቢል ምን ይከብደዋል?