የበሩ ስፋት ስንት ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሲቀጥር የሚታሰበው ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ኮምፒዩተሩ፣ ሲበዛም በመግቢያው ላይ ስለሚሠራው ራምፕ ነው። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ በዚያ ሕንፃ ሲቆይ መጸዳጃ ቤት እንደሚያስፈልገው ግን የሚያነሣ ብዙ አይደለም። ጉዳዩ ለወሬ የማይመች ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን የሳይንስ ጉዳይ ነውና በግልጽ ልንናገረው ይገባል።

ለመሆኑ መጸዳጃ ቤቱ የማይደረስበት ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ውኃ ከመጠጣት ይቆጠባል። ኩላሊትም በበኩሉ ውኃ ለመቆጠብ ሲል ሽንትን ያወፍራል፤ ይህ ሲደጋገም ለኩላሊት ጠጠርና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ኅብረ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሽንት ፊኛቸው እንደ ልብ ስለማይታዘዝላቸው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በካቴተር ሽንት ማስወጣት ይኖርባቸዋል። ሰዓቱ ካለፈ ፊኛው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ግፊቱም እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በፊት እጅን በሚገባ መታጠብ ግድ ስለሆነ፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የማይደረስበት የእጅ መታጠቢያ ራሱን የቻለ የጤና ጠንቅ ነው።

መፍትሔው በአመዛኙ የልኬት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣው የተደራሽነት መለኪያ የበር ክፍተት ቢያንስ 81.5 ሳንቲ ሜትር፣ የተሽከርካሪ ወንበር መዞሪያ ክብ 152.5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። የመደገፊያው ብረት 1,112 ኒውተን መሸከም አለበት፤ ይህም የ113 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ያንን የመዞሪያ ቦታ ከመሻማቱም በላይ፣ ውስጥ የወደቀ ሰው ቢኖር አካሉ በሩን ስለሚዘጋው ለማዳን ያዳግታል። ክብ እጀታን በረጅም እጀታ መለወጥ ደግሞ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ክንዱ ሲረዝም የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል።

በአገራችንም ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር ግዴታ ጥሎበታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ የሆኑ በቂ መጸዳጃዎች እንዲኖሩ ደንግጓል። ይሁንና የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተለጠፈበት ክፍል የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ፣ ቁልፉም የት እንዳለ ሳይታወቅ መቅረቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም» የሚል መልስ ይሰማል። ይህ ውጤትን ከምክንያት ጋር ማምታታት ነው። ሠራተኛው ያልኖረው በሩ ስለማያስገባው እንደሆነ ማን አጣራ?

ስለዚህ የምሕንድስናና የፊዚክስ ተማሪዎች ሜትር ይዛችሁ ከራሳችን ፋኩልቲ ሕንፃ እንድትጀምሩ እንጠይቃለን። የበሩን ክፍተት፣ የመታጠቢያውን ቁመት፣ የደፉን ከፍታ መዝግቡ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ማየትም አትርሱ፤ አቅጣጫውን ለማስለወጥ አንድ አናጢና ጥቂት ብሎኖች የሚበቁባቸው በሮች አሉና።